በገንዳዋ ስንጥቅ የቀሩት

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ የዝላቲቦርን ብርድ እንዴት ቻለው? እኔ ቤልግሬድ ደህና ነኝ እንዳልልሽ፣ የቤታችንን ጉድ ከሰማሁ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል።

ምራትሽ ሮሳንዳ በስልክ ሁሉንም ነገረችኝ። ወንድሜ ቬሊቦር፣ ሞቶ የተወለደውን ልጃቸውን ቀብሮ ሲመለስ በቀጥታ ወደ ታናስኮ አይብ ቤት ገባ። የክርስትና አባቱን ታናስኮን «አንተ ሽማግሌ፣ የበሰበሰ አይብህን ለሚስቴ አብልተህ ልጄን ጨረስክብኝ» ብሎ በብረት ማማሰያ ፊቱን ደጋግሞ መታው። ጥርሱ ወለሉ ላይ ረገፈ፤ አንድ ዓይኑ ፈሰሰ። «ቬሊዬ፣ በእግዜር፣ እኔ አይደለሁም» ሲለው አፉን በጫማው ረገጠው። ታናስኮ የክርስትና ልጄን አልከስም ስላለ ፖሊስ ቬሊቦርን ለቀቀው። እሱ ግን ሰውየው ከሆስፒታል ሲወጣ እጨርሰዋለሁ እያለ መጥረቢያ ይስላል።

እማዬ፣ ሕፃኑን የገደለችው ሊስቴሪያ የምትባል ባክቴሪያ ናት፤ እኔም ቤተ ሙከራ ውስጥ ዘወትር የምመረምረው እሷኑ ነው። ሌሎቹን ዘረመሎች የሚያዝ አንድ ዘረመል አላት። እሱ ትእዛዝ ሲሰጥ ባክቴሪያዎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ዝልግልግ ሽፋን ይለብሳሉ፤ ጨውም ውሃም በቀላሉ አይደፍራቸውም። ሰው ሰውነት ውስጥ ሲገቡ ውጉ የሚላቸውም እሱው ነው። ታናስኮ አይብ ላይ ያገኘናት ሊስቴሪያ ግን ይህ ዘረመሏ የተበላሸ ነው። እንጨት ላይ እንኳ መጣበቅ አቅቷታል፣ እንኳን ጽንስ ልትገድል።

የወተቱን ስልባቦት፣ ካይማኩን፣ ከምታጠራቅሚባት የእንጨት ገንዳ ለምርመራ ብጠይቅሽ ቆርሰሽ በላክሽልኝ ስንጣሪ ላይ ያለችው ግን ከሕፃኑ ደም ከተገኘችው ጋር አንድ ናት። ሮሳንዳን በየጠዋቱ ከዚያች ገንዳ ነበር የምታበያት።

ያቺ ገንዳ ከአያቴ ጀምሮ የምንጭ ውሃ እንጂ ሌላ አታውቅም። «የፈላ ውሃ ጣዕሟን ያጠፋል» እያልሽ ስንቴ ቆንጥጠሽኛል። የላክሽው እንጨት ግን በፈላ ውሃ የተለበለበ ነው። ላዩ ላይ አንድም ሕይወት የለም፤ ስንጥቁ ውስጥ የነበሩት ሽፋናቸውን ለብሰው ተርፈዋል። ሮሳንዳን ጠየቅኋት። ገንዳዋን የለበለብሽው በቀብሩ ዕለት ጠዋት፣ ቬሊቦር ገና ማንንም ሳይመታ እንደሆነ ነገረችኝ። «የታናስኮ አይብ ነው» ብለሽ ለቬሊቦር የነገርሽውም ገንዳዋን ከለበለብሽ በኋላ ነው።

ለምን እንደሆነ አልጠይቅሽም። ተናድጃለሁ። ታናስኮ ቅዳሜ ከሆስፒታል ይወጣል። ከዚያ በፊት ለቬሊቦር አንቺው ንገሪው፤ መጀመሪያ ግን መጥረቢያውን ደብቂ።

እግዚአብሔር የታናስኮን የቀረች ዓይን ያትርፍለት። አንቺንም ከወለድሽው እጅ ይጠብቅሽ።

አሁንም ልጅሽ