የአማቴ ለቅሶ

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ፈተና ሳርም ዋልሁ። ስልሳ አራት ወረቀት፤ ግማሹ ባዶ። ከቀትር በኋላ ዝናብ።

ሱሬሽ ትኬታቸው መምጣቱን ነገረኝ። ለአሥራ ሰባት። የሦስት ዓመት ኮንትራቱ አለቀ፣ ቤተሰቡን ይዞ ህንድ ሊገባ ነው። ባለቤቱ ላታ ዕቃውን ለጎረቤት ማደል ጀምራለች። ልጃቸው ግን ባሕር ዳርን አልለቅም ብላ ታለቅሳለች አለ።

አንድ ቢሮ ነን። ስንቴ ቤቱ በላሁ? መቁጠር ትቻለሁ። የእኔን ቤት ግን አንድም ቀን አላዩም። ቤቱ እየተቀባ ነው… አገርነሽን አሟታል… ባለቤቴ ስንት ጊዜ እንደታመመች እሷ ብታውቅ።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

ዛሬ ያደረግሁትን መጻፍ ያሳፍራል። ልጻፈው።

ሱሬሽ፣ "ከመሄዳችን በፊት እሑድ እናንተ ቤት እንመጣለን" አለ። ሰበብ አለቀብኝ። ዓባይ ማዶ ያለችው አንዲት ክፍላችን ታየችኝ። መጋረጃው፣ ከመጋረጃው ጀርባ የአማቴ አልጋ… ሁለት ዓመት ሆናቸው ከእኛ ጋር።

"ሐዘን ላይ ነን" አልሁት።

"ማን?"

"አማቴ… አረፉ።"

ቤት ስገባ አማቴ፣ እማማ ወለተ ኪዳን፣ ቁጭ ብለው ሽምብራ ይለቅማሉ። "ደህና ዋልህ ልጄ?" አሉኝ። ምን ልበል? ደህና አልሁ።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

ላታ ደወለች። ገበያ እየወጣች የለመደችው አማርኛ አላት። "ለቅሶ ሳንደርስ አንሄድም። ነውር ነው።"

ማን አስተማራት? ጎረቤቶቿ ናቸው፤ ስንት ሐዘን ቤት አብራቸው ተቀምጣለች። እኔ ሞኙ ሐዘን እንግዳ የሚመልስ መስሎኝ። እዚህ ተወልጄ፣ እዚህ አድጌ… ሞት ያለበት ቤት እንኳን ጓደኛ የማያውቁት ሰውም ይደርስ የለ?

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

ለአገርነሽ ነገርኋት።

"እናቴን?"

"ከአፌ አመለጠኝ።"

"በቁሟ ቀበርሃት።" ከዚያ፣ "እኔ ለእሷ አልነግራትም። አንተ ሂድና ለእነሱ ንገራቸው።"

ሄድሁ። ሱሬሽ መጻሕፍቱን ካርቶን ውስጥ ይደረድራል። ገና ሲያየኝ አቀፈኝ። "አይዞህ" አለኝ በአማርኛ። ካርቶን አሰርሁለት፣ ሻይ ጠጣሁ፣ ተመለስሁ። ፈሪ።

ሰኔ 8፣ እሑድ

መጡ። ላታ ጥቁር ለብሳ፣ የምስር ወጥ በድስት ይዛ። ጾም መሆኑን ጠይቃ ያለ ቅቤ ነው የሠራችው። ሱሬሽና ልጅቷ ከኋላዋ። በሩን የከፈቱት እማማ ራሳቸው ናቸው።

"እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አለች ላታ ጎንበስ ብላ።

"አሜን። ማን ሞቶብን ነው ልጄ?"

ላታ ዞራ አየችኝ። ሁሉም አዩኝ።

"እማማ… እርስዎ ነዎት። ሞቱ ብዬ ነው።"

እማማ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። "ግቡ በሉ፣ ግቡ። ሞቼም ቢሆን እንግዳ ደጅ አይቆምም።"

ላታ ሳቋን ለመያዝ ሞከረች፣ አልቻለችም። ወጡን በላን። እማማ ሱሬሽን አጎረሱት።

ስሸኛቸው ሱሬሽ "ለምን?" አለኝ። በቤቴ አፍሬ አልሁት። "ቤት ልናይ መሰለህ የምንመጣው?" አለ።

ስመለስ እማማ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። "አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያፈርህ በቤቱ ነው በእኔ?"

በቤቱ ነው ልል አፌን ከፈትሁ። አልወጣም። የገጠር አነጋገራቸው፣ የተነቀሰው አንገታቸው… በእሳቸውም አፍሬ ነው። እዚህ ካልጻፍሁት የት እለዋለሁ?

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

እማማ አገራቸው ቆላ ድባ ገቡ። "የእርሻው ጊዜ ደርሷል፣ ልየው" አሉ። ሲሄዱ መረቁኝ። የባሰው እሱ ነው። አገርነሽ አታናግረኝም።

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘኋቸው። ልጅቷ አሁንም ታለቅሳለች። ላታ "እማማ እንዴት ናቸው?" አለችኝ። ደህና ናቸው፣ ሰላም ብለዋችኋል ልላት ነበር…

"ተቀይመውኝ አገራቸው ገቡ።"

"ታዲያ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?"

ሱሬሽ ጨበጠኝ። እንደዚያ ቅዳሜ አላቀፈኝም። አልፈርድበትም።

ሰኔ 18፣ ረቡዕ፣ ቆላ ድባ

ብቻዬን መጣሁ። አገርነሽ ሽማግሌ ይዘህ ሂድ ብላኝ ነበር። ይቅርታውን ሌላ ሰው እንዲልልኝ አልፈለግሁም። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። "ተነሥ፣ ልብስህ ይቆሽሻል" አሉ። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉም።

እንደተቀመጥሁ አንዲት ጎረቤት ብቅ አለች። "እንግዳው ማን ነው?"

"የልጄ ባል ነው። ባሕር ዳር መምህር ነው" አሉ እማማ፣ ቀና ብለው።

ሁለት ዓመት አንድ ቤት ስንኖር እኔ ለአንድ ሰው እንኳ "አማቴ ናቸው" ብዬ አላውቅም።