አባሪ ያለው ደብዳቤ

ሰኞ፣ ኅዳር ፯ ቀን ፲፱፻፷፫፤ ቢቸና

የጽሕፈት መኪናዬ ካርቦን ዛሬም ያው አሮጌው ነው። ሦስተኛው ግልባጭ ላይ ጥላው እንጂ ፊደሉ አይታይም። አዲስ ይላክልን ብለን ደብረ ማርቆስ ጽፈናል። የጻፍነው ግን በዚሁ ካርቦን ነው፤ ማንበብ አቅቷቸው ይሆናል።

አቶ ፈንታ ጠዋት ሲጮኹ ነበር። የመዝገብ ቤት ሹማችን ናቸው፤ ካልጮኹ ሥራ የተጀመረ አይመስላቸውም። ከየጁቤ በኩል አንድ ባላባት ደብዳቤ ልኳል። ማኅተሙን አናት ላይ መትቶታል፣ እንደ ንጉሥ! ሦስት ገጽ ሰላምታ፣ ምርቃት፣ የጤና ጥያቄ። የሚፈልገው ነገር የለም። ቢያገላብጡት ቢያገላብጡት አጡት። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። የደብዳቤ አጻጻፍ መመሪያ አውጪ፣ አንድ ገጽ ይሁን፣ ለየወረዳው ይበተናል አሉ። በዚህ ጽ/ቤት ተመልሶ የማያውቅ ደብዳቤ ያንቺ ብቻ ነው አሉ። ከሳቸው አፍ ይህ ሙገሳ ነው፣ ደብተሬ፤ ያዥልኝ።

ጀመርኩ። አንደኛ፦ ቁጥርና ቀን ከላይ በቀኝ። ሁለተኛ፦ ለማን እንደሚጻፍ፣ ከነማዕረጉ። ሦስተኛ፦ ጉዳዩ። መሐል ላይ፣ ባንድ መሥመር፣ ከሥሩ ይሰመርበታል።

ከሰዓት በኋላ።
ፖስታ መጣ። ከሞጣ ነው። የጌታሁን። (ከእንግዲህ ጌ. እለዋለሁ። ስሙን ሙሉ መጻፍ አልቻልኩም።)

ባሌ ነው። ሞጣ ተዛውሮ ያስተምራል። ሁልጊዜ የሚጽፈው ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት ነበር፤ ዝብርቅርቅ ያለ፣ ግማሹ ስለ ተማሪዎቹ፣ ግማሹ ስለ ቁንጫ። የዛሬው ነጭ ወረቀት ነው። ቀን አለው። ጉዳይ አለው፦ ትዳርን በስምምነት ስለማፍረስ። ተሰምሮበታል። ኅዳጉ ልክ ነው። እና «እርስዎ» ይለኛል። «እርስዎና እኔ በትዳር በኖርንበት ዘመን ልጅ ባለመውለዳችን»። ሽማግሌዎች ኅዳር ፲፱ ቀን ስለሚቀመጡ እንዲገኙ። ከሰላምታ ጋር።

ይህን አጻጻፍ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የሞጣውን ቦታ ሲያመለክት፣ እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ኅዳጉን በጣቴ እየለካሁ። አንድ ነገር ሳይነግረኝ ገጹን ይሞላው ነበርና ሳቅሁበት። ለሰው ስትጽፍ ልብህን ጻፍ፣ ለመንግሥት ስትጽፍ ጉዳይህን ጻፍ አልኩት።

እኔ መንግሥት ሆንኩበት እንዴ?

ረቡዕ፣ ኅዳር ፱

አልተኛሁም። ቢሮ ገብቻለሁ። ሁለት ደብዳቤ አበላሸሁ። አቶ ፈንታ ዓይኔን አይተው አልጮኹም፤ የእሳቸው አለመጮኽ ደግሞ የባሰ ያስለቅሳል።

መልስ ልጽፍለት ሞከርኩ። ጉዳዩ፦ ብዬ ቆምኩ። በመመሪያው ላይ አራተኛ ብዬ ያሰፈርኩት፣ አንድ ደብዳቤ አንድ ጉዳይ ብቻ ይይዛል የሚል ነው። ስንቱን ልጻፍ? ጉዳዩ፦ እናትህ በልጅ ነገር ስላመጡብኝ ወቀሳ። ጉዳዩ፦ አንድ ልጅ መሆንህን፣ ዘር እንደሚጠበቅብህ ስለማወቄ። ጉዳዩ፦ ልጅ ባለመውለዳችን ስለማለትህ።

ይህ ነው የገደለኝ። መፋታቱስ ይሁን። ልጅ ባለመውለዳችን ይላል!

ወልደናል። ሴት ናት። ክርስትናዋ ሳይደርስ፣ በክረምት፣ ትኩሳት ይዟት ሳይነጋ ሄደች። ቄስ እስኪጠራ እንኳ አልጠበቀችም። ያልተጠመቀች ናትና ፍትሐት የለም አሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ወይራው ሥር ቀበሯት። ጎረቤቶቼ ደጎች ናቸው፤ ለእንዲህ ያለችው ለቅሶ አይቀመጡም፣ ተይው፣ ሌላ ይሰጥሻል አሉኝ። ጌ. ከሞጣ ሲመጣ ወንዝ ሞልቶበት ከተቀበረች በኋላ ደረሰ። እኔም አላወራሁት፣ እሱም አልጠየቀኝ። ከዚያ ወዲህ ስለሷ አንድ ቃል አልተባባልንም።

የክርስትና ስም አልነበራትም። እኔ ስንቄ እላት ነበር። ማተቧን ራሴ ገምጄላት ነበር። ይኸው አለ፣ ሣጥኑ ውስጥ፣ ማንም አንገት ላይ ሳይታሰር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፲፪፤ ሚካኤል

መሪጌታ ላቀው ከቅዳሴ መልስ ቤቴ መጡ። ያጋቡን እሳቸው ናቸው፤ የሚያፋቱንም እሳቸው ሊሆኑ ነው። ተቀመጡ፣ መረቁ፣ ስለ ጤፉ አወሩ፣ ስለ ውርጩ አወሩ። ነገሩ ላይ ለመድረስ ከየጁቤው ባላባት ይብሳሉ። በመጨረሻ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም አሉ።

ከዚያ ሌላ መጣ። የሽማግሌዎች ውሳኔ ፍ/ቤት መግባት አለበት። አምና ያስገቡት የሌላ ሰው ውሳኔ ጉዳዩም ግልባጩም የለው ተብሎ ተመልሶባቸዋል። አፍረዋል። ስለዚህ የኛን እኔ እንድጽፈው። በጽሕፈት መኪና።

የራሴን?

ክፋት የለባቸውም። ደንግጬ ሳያቸው እሳቸውም ደነገጡ። ልጄ፣ የገዛ ነገርሽ አይደለም ወይ፣ በባዳ እጅ ከሚበላሽ በእጅሽ ቢያምር ብዬ ነው አሉኝ። እንዲያምር! እኚህ ሰው ለቀብርም ለሠርግም ቅኔው እንዲያምር ነው የሚጨነቁት። መሳቅ ይሁን ማልቀስ አላውቅም። እሺ አልኳቸው። ለምን እሺ እንዳልኩ እንጃ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፲፭

ጾም ገባ። መመሪያው ወደ ማለቁ ነው። አምስተኛ፦ የጽሑፉ አካል። መጀመሪያ የነገሩ መነሻ፣ ቀጥሎ ምክንያቱ፣ በመጨረሻ የሚጠየቀው ነገር። ስድስተኛ፦ ፊርማ፣ ከሥሩ ስም፣ ማኅተም ከታች (ባላባቱን እያሰብኩ አሰመርኩበት)። ሰባተኛ፦ አባሪ።

ስለ አባሪ አቶ ፈንታ ራሳቸው አስጻፉኝ። አባሪ የሌለው ቃል ሜዳ ላይ የቀረ ቃል ነው፤ ማንም ያነሣዋል፣ ማንም ይጥለዋል። ወለድኩ ያለ የክርስትና ወረቀት ያምጣ፣ ገዛሁ ያለ ውል ያምጣ። አባሪ ከሌለም «አባሪ፦ የለም» ተብሎ ይጻፍ አሉ።

እንዳሉት ጻፍኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፲፱፤ ማታ

ተቀመጡ። መሪጌታ ግቢ፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ሦስት ሽማግሌዎች። ጌ. ዓርብ ማታ በጭነት መኪና ገብቷል አሉ። ከስቷል። ጫማው ጭቃ ነው፤ ዝናብ በሌለበት ወር ጭቃ ከየት አመጣ አልኩ በልቤ። ቀና ብሎ አላየኝም። እኔ ግን አየሁት። ሸሚዙ አንገቱ ላይ ተተርትሯል። የሚሰፋለት የለም ማለት ነው። ምን አገባኝ!

ዕቃ ለመካፈል አልተከራከርንም። ሁሉንም ለሷ አለ። አልጋውን አልፈልግም አልኩ። ሽማግሌዎቹ ደስ አላቸው፤ እንዲህ ያለ ፍቺ አይተን አናውቅም ተባባሉ።

ከዚያ እኔ በእርሳስ ልይዝ፣ መሪጌታ ሊያስጽፉ። በስመ አብ ብለው ጀመሩ፤ ደግ፣ ያዝኩ። የሰሎሞንን ጥበብ አመጡ፣ የአብርሃምን ቤት አመጡ። ይህ አካሉ ውስጥ አይገባም አልኳቸው፤ ከፍቷቸው ተዉት። ቀጠሉ፦ ተጋቢዎቹ ልጅ ስላልወለዱ…

እርሳሱን አስቀመጥኩ። ወልደናል አልኩ።

መሪጌታ በለሆሳስ አስረዱኝ። ክርስትና ያልተነሣች፣ ስም የሌላት፣ ማን ተብላ ወረቀት ላይ ትወጣለች? ዳኛው ስሟ ማነው ቢል ምን ሊባል ነው? ማስረጃ ቢጠይቅስ? ሌላው ሽማግሌ ደግሞ፣ አንድ መሥመር አይደለም ወይ፣ ለአንድ መሥመር ብለን ነገሩን እናስመልሰው ወይ አሉ። አንድ መሥመር ናት፣ እውነቱን ነው። ያለኝ እሱ አንድ መሥመር ነው። እሷ ካልገባች አልጽፍም፣ አልፈርምም አልኩ።

ጌ.ን አየሁት። አንድ ቃል። አንድ ቃል ቢል! ጫማውን ያያል።

ለማክሰኞ ተቀጠረ። ሰኞ ጽዮን ናት።

ሰኞ፣ ኅዳር ፳፩፤ ጽዮን

ከተማው ባዶ ነው። አቅም ያለው መርጡለ ማርያም ወርዷል፣ ሌላው እዚሁ ደብር። እኔ ቅጥሩን ዞሬ ወይራው ሥር መቃብሯ ጋ ሄድኩ። ከክረምት ወዲህ አልሄድኩም ነበር፤ ከብት ረግጦት፣ ጠፍቶ ባገኘው ብዬ ስለምፈራ።

አልጠፋም። ዙሪያውን ድንጋይ ተደርድሯል። እሾህ ታጥሯል፣ አዲስ፣ ቅጠሉ ገና ያልደረቀ። አፈሩ ውኃ ጠጥቶ ከሥሩ አንድ ነገር ተተክሏል፤ ምን ችግኝ እንደሆነ አላወቅሁትም። የደብሩን ዘበኛ ጠየቅሁት። ያ ከሞጣ የመጣው አስተማሪ ነው አለኝ። ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ መጥቶ፣ ገንቦ ተውሶ፣ ከምንጩ ውኃ ሲያመላልስ እንደነበር። ማን ናት ብለው ያለቅስ ነበር አለኝ ዘበኛው።

ጫማው ላይ ያለው ጭቃ።

ቁጭ አልኩ። እንዴት እንደተናደድኩ፣ ደብተሬ! ጌ.፣ ታለቅስ ኖሯል? ታለቅስ ኖሮ ነው እኔ ብቻዬን ያበድኩት? አንድ ቤት ተቀምጠን፣ አንድ ልጅ ቀብረን፣ ሁለት ቦታ አለቀስን። ሰው ዘር አጥቶ አይደለም ለካ የሚፋታው። አሁንም እወደዋለሁ። ምንም አይጠቅምም። ወደኋላ የሚመልሰን መንገድ ክረምት ወስዶታል፤ እሱም ያውቀዋል፣ እኔም አውቀዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፳፪፤ ጠዋት

ሣጥኑን ከፈትኩ። ዘጋሁ። መልሼ ከፈትኩ።

ከሰዓት፣ ቢሮ።
ጻፍኩት። ቁጥር፣ ቀን። ለቢቸና አውራጃ ፍ/ቤት። ጉዳዩ፦ የሽማግሌዎችን የፍቺ ውሳኔ ስለማቅረብ። መነሻው አንድ አንቀጽ። ሁለተኛው፦ ተጋቢዎቹ አንዲት ሴት ልጅ ወልደው በሕፃንነቷ የሞተችባቸው ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ አብረው መኖር ስላልቻሉ… ጣቴ አልተሳሳተም። አንድም ፊደል አልፋቅሁም። ካርቦኑ እንኳ እሺ አለኝ።

መሪጌታ መጡ፣ ጌ. ከኋላቸው። መሪጌታ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ አገጫቸውን ያዙ። አምሮ ነበር አሉ፣ ግን ስሟ አሉ። ስም የሌለው ሰው አሉ። አቶ ፈንታ ከወንበራቸው ሆነው ሰምተዋል። አልጮኹም።

«ስንቄ ነው ስሟ» አለ ጌ.። «ይጻፍ»።

ከፍ ብሎ ነው የተናገረው፣ ክፍል ውስጥ ስም እንደሚጠራ። ከኔ አፍ ሲወጣ ሰምቶት ኖሯል። በተወለደች ጊዜ ቤት የሰነበተው እኮ ጥቂት ቀን ነው። ይዞት ኖሯል።

ወረቀቱን መልሼ ጽሕፈት መኪናው ላይ አስገባሁ። ስንቄ የተባለች ብዬ ጨመርኩ፤ ከመሥመሩ በላይ ስለሆነ ጠማማ ነው፤ በኔ ደብዳቤ የመጀመሪያው ጠማማ። መሪጌታ በሽማግሌዎቹ ስም ፈረሙ። ጌ. ፈረመ። እኔ ፈረምኩ። እጃችን አንድ ብዕር ላይ ተቀባበለ፣ አልተነካካም። በራፉ ላይ ሲደርስ ዞሮ፣ ውኃ ታጠጫታለሽ? አለኝ። ችግኟን ማለቱ ነው። አዎ አልኩት። ሄደ።

አቶ ፈንታ ሊመዘግቡ ተቀበሉኝ። እስከ ታች አነበቡ። አባሪ የሚለው ቦታ ባዶ ነው። የገዛ መመሪያሽ እንዲህ አይልም አሉኝ። የለም በይና ይለፍ አሉ፣ እንደ ማዘን ብለው።

የለም አልልም።

ከመቀነቴ ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ብዙ አዩት። ይህ ፋይል ውስጥ ከገባ እኮ አይወጣም አሉኝ፤ ፍ/ቤት ይሄዳል፣ አታገኝውም። አውቃለሁ አልኩ። መዝገብ ለማውጣት እንኳ ከወንበራቸው የማይነሡ ሰው፣ ተነሥተው ስፒል ፈልገው ራሳቸው ወረቀቱ ጥግ ላይ ሰኩልኝ።

ከዚያ ወረቀቱን ወደ መኪናው መልሼ የመጨረሻውን መሥመር ጻፍኩ፦

አባሪ፦ አንድ የክርስትና ማተብ፣ ያልታሰረ።