የአቶ ሳሙኤል አምፖል

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ዛሬም የልብ መመርመሪያው ወረቀት ላይ መስመሩ ተንቀጠቀጠ። ሲስተር አስቴር ታካሚዋ ስለፈሩ ነው አለች። እኔ ግን የክፍሉን አዲስ አምፖል ሳጠፋው መስመሩ ወዲያው ረጋ። አምፖሉን መልሼ አብርቼ ትንሿን ሬዲዮዬን ከሥሩ ስይዛት እየተንሿሿች ጮኸች፤ ኮሪደሩ ላይ ካለው የድሮ አምፖል ሥር ግን ጥርት ብላ አወራች።

አምፖሎቹን ለክሊኒካችን ያመጣው አቶ ሳሙኤል ነው። ደወልኩለት። «ወንድሜ፣ ተፈትሾ ያለፈ ዕቃ ነው፤ ወረቀቱ እጃችሁ ላይ አለ። ይልቅ የመብራት ገመዳችሁን እየው» አለኝ። ወረቀቱን አውጥቼ አየሁት። ማህተሙ ደማቅ ነው፤ የፈታሹ ስም ግን አይነበብም።

ገመዱንም ፈትሼዋለሁ፣ ምንም የለበትም። አምፖሉ ከተቀየረ ወዲህ በዚያ ክፍል ስንቱን ሰው «ልብህ ታሟል» ብለን አስደንግጠን ይሆን?

አመሻሽ ላይ ባጃጅ ይዤ እሱ ሱቅ ድረስ ሄድኩ። አቶ ሳሙኤል በሬዲዮ የወላይትኛ ዜና እየሰማ ነበር።

«ገመዱን አየኸው?» አለኝ ፈገግ ብሎ።

«አየሁት» አልኩት።

ሬዲዮው ጥርት ብሎ ያወራል። ከጀርባው የእኛ ዓይነት አምፖሎች በየካርቶናቸው እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። ከአናቱ በላይ የሚበራው ግን የድሮው ዓይነት ነው።