አማቴ ፊት ያልበላሁት ዳቦ

ጥር 18፣ 1974፤ ባኮ

ሙቀት። የአራተኛ ክፍልን የሒሳብ ፈተና አርሜ ጨረስኩ። ግማሹ ወድቋል። ጥፋቱ የማን ነው? የአስተማሪዋ ሳይሆን አይቀርም…

ምሳ አቀረብኩ። አባባ፣ እማማ እና ድንቅቱ ሳሎን በሉ። እኔ እንደ ሁልጊዜው ወጥ ቤት፣ ድስቱ አጠገብ። ዓብዲሳ እንዳገባኝ ብዙም ሳይቆይ ለትምህርት ሶቭየት ሄደ። ቤቱ የእሱ፣ አባትና እናቱ የእሱ፣ ድንቅቱም የእሱ እህት። እኔ ምራት ነኝ። ደጎች ናቸው፣ አልዋሽም። ግን ደግ ሰው ቤትም ቢሆን እንግድነት ሲረዝም ይከብዳል።

አባባ በጴንጤ እምነታቸው ምክንያት ታስረው የተፈቱት ኅዳር ላይ ነው። ስንጋባ አልነበሩም፤ መጀመሪያ ያየኋቸው የወጡ ቀን ነው። ዛሬ ከምሳ በኋላ፣ ትምህርት ቤት እረፍት ሲሆን አራታችንም በአውቶቡስ እስከ ጊንጪ እንሄዳለን አሉ። ዘመድ ጥየቃ? አይደለም። ለመብላት! እስር ቤት እያሉ እስረኞቹ በየተራ «ዛሬ የት እንብላ» እያሉ ያወሩ ነበር። የእሳቸው ተራ ሲደርስ ጌዶ ጥብስ፣ ጉደር ትኩስ ዳቦ፣ አምቦ ኬክ… «ግን አንድ ቀንም ብቻዬን በልቼ አላውቅም፤ ሁልጊዜ ከነቤተሰቤ ነበር» አሉ። ድንቅቱ ሳቀች። እማማ አለቀሱ።

ጥር 20

ከቀበሌ መሸኛ ወሰድን። «የጉዞው ምክንያት» የሚል ቦታ አለው። አባባ «ለመብላት ብለህ ጻፍ» አሉት። ጸሐፊው አያቸው፣ አያቸውና «ለቤተሰብ ጉዳይ» ብሎ ጻፈ።

ሻንጣ ሳዘጋጅ ድንገት ትዝ አለኝ። ምግብ ቤት ስንገባ እኔ የት ነው የምበላው? ወጥ ቤት ገብቼ ድስት አጠገብ አልቀመጥ። አንድ ጠረጴዛ ነው፤ አባባ ፊት ለፊት…

እናቴ፣ እንጭኒ ላይ ስትድረኝ፣ ያለችኝ አይረሳኝም። ምራት አማቷ ፊት አፏን ከፍታ አትበላም፤ ራሱ ጠርቶ፣ ስጦታ ሰጥቶ «ብዪ» እስኪላት። እሷን አማቷ በጊደር ነው ያስበሏት። ስማቸውንም እስክትሞት አትጠራም። እኔም ይኸው የአባባን ስም እዚህ እንኳ አልጽፍም። ታዲያ እሳቸው ከወጡ ወዲህ ምንም አላሉኝም። ረሱት? ወይስ ገና አልተቀበሉኝም? ይህ ደግሞ አይጠየቅም።

ቆሎ ቆላሁ። ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት።

ጥር 21፣ ዓርብ፤ ጌዶ

ብርድ። ምግብ ቤቱ በሾፌር ተሞልቷል። ጥብሱ በሸክላ መጣ፣ እየጮኸ። አባባ ጸለዩ፤ ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ፣ ከንፈራቸው ብቻ ትንሽ እየተንቀሳቀሰ። ሰው እንዳያውቅባቸው መሆኑ ነው። እስር ቤት የለመዱት ይመስለኛል።

እኔ «ዓርብ ነው፣ ጾም ነው» አልኩ። እውነቴን ነው። ዓርብን እንደዛሬ ወድጄው አላውቅም። አባባ ግን አስተናጋጇን ጠሩና ሽሮ አዘዙልኝ። ቅቤ እንዳይነካው፣ ማማሰያውም ሌላ ይሁን ብለው አስጠነቀቁ። ሽሮው መጣ። ተንተከተከ… ከዚያ ቀዘቀዘ። ጠግቤያለሁ አልኩ። ከባኮ የወጣነው በባዶ ሆዳችን መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

«ሽሮም ይጾማል እንዴ?» አለች ድንቅቱ።

እማማ ሽሮውን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

አውቶቡስ ውስጥ ቆሎ በላሁ። ድምፁ እንዳይሰማ አንድ አንድ ፍሬ።

ጥር 22፤ ጉደር

ዳቦ ቤቱ በር ላይ ሰልፍ። ሽታው… እግዚኦ! አባባ እኛን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ራሳቸው ተሰለፉ። ፉርኖውን በጋዜጣ ጠቅልለው፣ እጃቸውን እያፈራረቁ ይዘውት መጡ፤ ያቃጥላል። ቆረሱ። ለእማማ፣ ለድንቅቱ፣ ለእኔ። በሁለት እጄ ተቀበልኩ፣ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። ሙቀቱ በቀሚሴ አልፎ ይሰማኛል። ዛሬ ቅዳሜ ነው። በምን ላመካኝ? «በኋላ እበላዋለሁ» አልኩ።

ወንዙን ሊያዩ ሲሄዱ ወደ ኋላ ቀረሁ። ባሕር ዛፍ ተከልዬ ጎረስኩ። ማላመጥም የለ፣ ዋጥኩት። ቀና ስል እማማ ቆመዋል፤ ነጠላቸውን ረስተው ሊወስዱ ተመልሰው ኖሯል። አፌ ሙሉ ነው። አዩኝ፣ ነጠላቸውን አነሱ፣ ሄዱ።

ምነው በተቆጡኝ።

እዚያው፣ ሲመሻሽ

ዓብዲሳ ቢኖር በአንድ ቃል ይጨርሰው ነበር። ብጽፍለት መልሱ የሚደርሰኝ ከፋሲካ በኋላ ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔ ግን ነቀዘ።

ጥር 23፣ እሑድ፤ አምቦ

ማለዳ ቅዳሴ ሄድኩ። ሰው ሞልቷል፣ የማውቀው አንድም የለም። ሆቴል ስመለስ እነሱ ክፍላቸውን ዘግተው በሹክሹክታ ይዘምራሉ። የእነሱ ቤተ ክርስቲያን ታሽጓል። በሩ ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። እነሱ ቤተ ክርስቲያን ባይኖራቸውም እርስ በርስ አላቸው። እኔ ቤተ ክርስቲያኑ አለኝ… ሰው ነው ያጣሁት።

ከሰዓት በኋላ ኬክ ቤት። አባባ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል፣ ፀጉራቸውን አርጥበው አበጥረዋል። «ስንት ጊዜ እዚህ ተቀምጫለሁ፣ ሳልመጣ» አሉ። እስር ቤት ሆነው ማለታቸው ነው። አራት ኬክ መጣ፣ ነጭ ክሬም ያለው። የእኔን ራሳቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ።

«ሥጋ የለበትም። የኛ እጅም አልነካውም» አሉኝ፣ ቀስ ብለው።

የኛ እጅም አልነካውም? ይህን ለምን አሉ? አልገባኝም። አንገቴን ደፋሁ። ማንኪያውን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩ። ሳያዝዙኝ? ሳይጠሩኝ? እናቴ ከጀርባዬ የቆመች መሰለኝ።

አባባ ተነሱ። የእሳቸውን ኬክ ግማሹን ትተው ወጡ። እማማም ተከተሏቸው። ድንቅቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ የተረፈውንም አልነካችም፤ ድንቅቱ ኬክ ትታ!

ጥር 24፤ አምቦ

ይህን እስካልረሳ ልጻፈው።

ጠዋት ነው። የሆቴሉ ግድግዳ ስስ ችፑድ ነው፤ እነ አባባ ከወዲያ ያወራሉ፣ በኦሮምኛ። ሆን ብዬ አልሰማሁም። ሰማሁ ግን።

አባባ ለእማማ፦ «የእስር ቤቱ ጠባቂ እንኳ ከሳህኔ ይጎርስ ነበር። የልጄ ሚስት ግን የጴንጤ እጅ ያረክሰኛል ብላ ጦሟን ታድራለች።»

እማማ፦ «ብቻዋን ስትሆን ትበላለች፣ ጉደር በዓይኔ አይቻለሁ» አሉ።

አባባ፦ «እንግዲያው ከጊንጪ ወደ ባኮ አትመለስ። እንጭኒ እናቷ ጋ እናድርሳት። ተጸይፋን በግድ የምትኖር ልጅ አልፈልግም። ለዓብዲሳ እኔ እጽፍለታለሁ።»

ለካ እንዲህ ነው! እኔ አክብሬ፣ እነሱ ተጸየፈችን ብለው… እውነት ነው፣ ከጴንጤ ጋር ማዕድ የማይቀርብ የኛ ሰው ሞልቷል። እኔንም ከዚያ ቆጠሩኝ። ዓርብም ጾም ነው ብያለሁ። ጉደርም ተደብቄ በልቻለሁ። ምን ይበሉ ታዲያ?

ክፍላቸው ገባሁ። አማትን ፊት ለፊት መናገር ደግሞ ሌላ ነውር ነው። ድንቅቱ አልጋው ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን ትሠራለች። ወደ እሷ ዞርኩ።

«ድንቅቱ፣ ለአባባ ንገሪልኝ። እጃቸውን ተጸይፌ አይደለም። ምራት አማቷ ሳይፈቅድላት ፊቱ አትበላም ተብዬ ነው ያደግኩት። እስኪጠሩኝ እየጠበቅኩ ነው።»

ድንቅቱ ማበጠሪያዋን ይዛ ቀረች። መልእክቱን ማድረስ አላስፈለጋትም። አባባ ሁለት ክንድ አይርቁም፣ ሰምተዋል።

መጀመሪያ የሳቁት እማማ ናቸው። ሳቁ፣ ሳቁና ዓይናቸውን በነጠላቸው ያዙ። ይህን እኮ ካመንን ወዲህ ትተነዋል፣ ማን ያስታውሰዋል አሉ። አባባ አልሳቁም። መሬት መሬት ያያሉ።

«ቤት ውስጥም ስትበይ አይቼሽ አላውቅም» አሉ። «ሥራ በዝቶባት ነው እል ነበር።» ቀና አሉና፦ «የቡሬዋ ላም ጥጃ ያንቺ ናት።»

እማማ «ያመነ ሰው እንዲህ ያደርጋል ወይ» አሏቸው።

«ጌታ በጥጃ አይቆጣም» አሉ አባባ።

ከቦርሳቸው ከጉደር የተረፈውን ዳቦ አወጡ። ደርቋል። በጉልበታቸው ሰብረው ግማሹን ሰጡኝ።

«ኢንተላ ኮ፣ ኛዹ።»

ልጄ፣ ብዪ አሉኝ። በላሁ። ሦስቱም ያዩኛል። ሰው እያየ ማኘክ እንዲህ ከባድ ነው? ዳቦው ጥርስ ይሰብራል። ጨረስኩት።

ጥር 25፤ ጊንጪ

ዱለት። ፓስቲ በሻይ። እንደገና ዱለት። ድንቅቱ «አባ፣ ጥጃዋን ተቀበላት፣ ከስረናል» አለች።

አውቶቡሱ ሲመለስ ሁሉም ተኝተዋል። ዓብዲሳ ይህን ሁሉ አላየም። ሲመጣ ስነግረው ወሬ ብቻ ይሆናል፤ ያኔ የነበረው ርሃብ አይታወቀውም። ናፈቀኝ። ከሁሉም ስስማማ የባሰ ናፈቀኝ፣ ምን ጉድ ነው?

የካቲት 15፤ ባኮ

ሁዳዴ ገባ። ሳሎን መብላት በለመድኩ ማግስት! እነሱ አይጾሙም፤ ምሳቸው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እኔ ዘጠኝ ላይ፣ ወጥ ቤት፣ ድስቱ አጠገብ። ማንም አላጠፋም። ግን ሽሮዬ አልወረደልኝም።

የካቲት 19፣ ዓርብ

ጥጃዋ በገመዷ ተጠላልፋ አደረች። ፈትቼ፣ ውኃ ሰጥቼ ትምህርት ቤት ሄድኩ። የሒሳብ ድጋሚ ፈተና ሰጠሁ። በሙቀቱ ሁለት ልጆች ወንበራቸው ላይ አንቀላፉ፤ አልቀሰቀስኳቸውም።

ስመለስ ቤቱ ጭር ብሏል። በልተው ጋደም ያሉ መስሎኝ በቀጥታ ወደ ወጥ ቤት አለፍኩ። ድስቱ የለም። ምድጃው ቀዝቅዟል።

ሳሎን ገባሁ። ድስቱ ጠረጴዛው መሐል ነው፣ ክዳኑ አልተነሳም። የጾም ሽሮ። ሳህኖቹ ንጹሕ ናቸው። እማማ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ድንቅቱ ሆዷን ይዛ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታለች፣ ቀና ብላ በጥላቻ አየችኝ።

ምነው፣ አልበላችሁም እንዴ አልኩ።

አባባ ሰዓታቸውን አዩ።

«ዘጠኝ መቼ ሞላ» አሉ።