አርባ ሁለተኛው መጠይቅ

ለተከበሩ መምህር አምባዬ
የእንግሊዝኛ ንባብ መምህራችን፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ረዳት ፕሮፌሰር
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ አላህ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ እያልኩ፣ ጤናዎ በጥናትዎ ሠንጠረዥ ላይ እንዳሰፈሩት የእኛ እርካታ ከአምስት አምስት እንዲሆንልዎ እመኛለሁ። ለማዕረግ ዕድገትዎም እንኳን ደስ ያለዎት። እኛም የአቅማችንን ስላዋጣን ደስታውን የጋራ አድርገን ወስደነዋል።

ሳቢራ አብዱልጀባር እባላለሁ። ካላስታወሱኝ፣ በመስኮቱ በኩል ሁለተኛው ረድፍ ላይ ከዘይና ጎን እቀመጥ የነበርኩት ነኝ። አሁን የሴሚስተር እረፍት ስለሆነ የምጽፍልዎ ከቤተሰቦቼ ቤት ከከሚሴ ነው። ለመምህር በአደባባይ መጻፍ ነውር መሆኑን አላጣሁትም። በግል ሞክረን የተመለሰልንን መልስ ሲያዩ ግን ይቅር እንደሚሉኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሌላ አንባቢ ግራ እንዳይገባው እርስዎ የሚያውቁትን በአጭሩ ልድገም። ባለፈው ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር፣ ተማሪዎች በእንግሊዝኛ ንባብ ክፍል ስለሚደረግላቸው እገዛ ምን እንደሚሰማቸው ለማጥናት የእኛን ክፍል መረጡ። ለስድስት ሳምንትም አስተማሩን። ከማንበባችን በፊት ርዕሱን ሰሌዳ ላይ ጽፈው ምን ሊል እንደሚችል ያስገምቱን ነበር። የመጀመሪያውን አንቀጽ ራስዎ ጮክ ብለው እያነበቡ፣ የከበደዎት ይመስል እየቆሙ፣ ሰው ሲያነብ በሆዱ የሚያስበውን ሁሉ ይነግሩን ነበር። በቡድን ስንወያይ ኦሮምኛም ሆነ አማርኛ ብንናገር አይቆጡንም፤ እንዲያውም ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ያዳምጡን ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ ተምሬ፣ ማንበብ ማለት ቃል መጥራት ብቻ አለመሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ይህን ያልኩት ለሽሙጥ አይደለም፤ ሽሙጡ ከዚህ በታች ይጀምራል።

አንደኛ፣ ስለ ሰባተኛው ሳምንት።

በስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ ሃያ ሰባት ጥያቄ ያለው መጠይቅ አስሞልተው፣ ቆጥረው፣ በቢጫ ፖስታ ከተው ሄዱ። በሰባተኛው ሳምንት ሲመጡ በመሬት ዳርቻ ስላለው በረዶ የሚያወራ የሦስት ገጽ ጽሑፍ አድለውን፣ አንብቡና መልሱ ብለው ወንበርዎ ላይ ስልክዎን ይዘው ተቀመጡ። ርዕሱን እንገምታለን ብለን ብንጠብቅ ሰሌዳው ባዶውን ቀረ። ጀሚል እጁን አውጥቶ ምን እንደተፈጠረ ሲጠይቅዎ፣ እገዛ ጊዜው ሲደርስ እንደሚነሳ፣ ግንበኛም ቤቱ ሲያልቅ የእንጨት መወጣጫውን እንደሚያፈርስ በትሕትና አስረዱት። እኛም ምሳሌው ስላማረን ጻፍነው።

የማያውቁት ነገር ቢኖር የጀሚል አባት እዚሁ ከሚሴ ግንበኛ መሆናቸውን ነው። ጀሚል ይህንኑ ቢነግራቸው፣ "እኔ ግድግዳውን አይቼ ነው የማነሳው ልጄ፤ ግድግዳ ደርቀሃል ወይ ተብሎ ይጠየቃል እንዴ?" አሉት። የሙያ አስተያየት ስለሆነ ለሚቀጥለው ጥናትዎ ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው የጠቀስኩልዎ።

ሁለተኛ፣ ስለ መጠይቁ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔም ስለሆነ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ።

መጠይቁ በሚሞላበት ቀን፣ ምሳ ሰልፍ ላይ ሆነን ለክፍል ጓደኞቼ የመከርኳቸው እኔ ነኝ። ሰውየው ስድስት ሳምንት ለፍቶልናል፣ እንዳናሳፍረው፣ ሁሉንም "በጣም እስማማለሁ" በሉለት፣ ደስ ካለው ይቀጥልልናል አልኳቸው። ሁሉም "ቶሌ"፣ እሺ አሉኝ። እኛ ዘንድ የደከመልህን ሰው ፊት ለፊት እንዴት ነው ብሎ ሲጠይቅህ ጎድሏል አይባልም፤ የቀረበልህ ወጥ ጨው ቢያንሰው እንኳ እጅ ይባረክ ተብሎ ይበላል። በዚህ ይሉኝታ መሃል ሃያ ሦስተኛው ጥያቄ ተቀምጦ ነበር። "ከእንግዲህ ያለ መምህሬ እገዛ ብቻዬን ማንበብ እችላለሁ" ይላል። እሱንም በጣም ተስማማንበት። እንዲቆዩልን ብለን ያሞገስንዎ፣ ለመሄድዎ ፈቃድ ሆነ። አገሩን ያውቃሉ፣ ይሉኝታችንንም ያውቃሉ፤ ስለዚህ አርባ አንድ ሰው ሃያ ሰባት ጊዜ "በጣም እስማማለሁ" ሲል አንዴም አለመጠራጠርዎ ለእኛ ካለዎት ክብር የመጣ መሆኑን ለራሴ እነግረዋለሁ። አላምነውም እንጂ።

ሦስተኛ፣ ዘይና።

ዘይና የሰንበቴ ከተማ ልጅ ናት። አባቷ ገበያ ላይ ፍየል ይነግዳሉ። በመጀመሪያው ዓመት ክፍል ውስጥ ድምፅዋን የሰማ የለም። በአራተኛው ሳምንት ግን በድርቅ ጊዜ ከብቶቻቸውን ይዘው ስለሚሰደዱ አርብቶ አደሮች የሚያወራ ጽሑፍ አመጡልን፤ በዚያ ቀን ዘይና ተነሳች። በበጋ አፋሮቹ ወደ ጨፋ ሣር ሜዳ ሲመጡ ምን እንደሚሆን መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥላም በአማርኛ ተናገረች። ከዚያ ሦስት ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጨመረች፦ ሣር ያለቀበት ሰው እንግዳ ይሆናል፤ እንግዳ ውሃ ይጠይቃል፤ ውሃ የከለከለ ጎረቤት አይባልም። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ። እርስዎ ዓይንዎ እንባ ያቀረረ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ማስታወሻ ለመጻፍ ያቀረቀሩም ሊሆን ይችላል።

ምክሬን ያልሰማችው እሷ ብቻ ነበረች። በሃያ ሦስተኛው ጥያቄ "በጣም አልስማማም" የሚለውን አከበበች። ምን ነካሽ ብለን ስንቆጣት፣ "ገና ሳልችል ቻልኩ ብዬ ልዋሽ? ወላሂ አላደርገውም" ነበር መልሷ።

ከሰባተኛው ሳምንት በኋላ ያለው አጭር ነው። ዘይና ፈተናውን ወደቀች፣ በውጤት ማነስ ተሰናበተች፣ ሰንበቴ ገባች። እርስዎ ጥናቱን አሳተሙ።

ባለፈው ሳምንት ጀሚል ጥናቱን ከኢንተርኔት አውርዶ ፕሪንት አስደርጎ አመጣው። እኔ፣ ጀሚልና የክፍል ጓደኛችን ልደት ከልደት እናት ሱቅ ጀርባ ተቀምጠን፣ ዘይናን በስልክ ድምፅ ማጉያ ይዘን፣ ሦስት ቀን ሙሉ አነበብነው። ርዕሱን ገመትን፤ ከበድ ሲለን እያቆምን ተወያየን። ልክ እንዳስተማሩን። ገጽ ዘጠኝ ላይ የዘይና ሦስት ዓረፍተ ነገሮች የ"አንዲት ተማሪ" ተብለው ለእገዛው ስኬት ማስረጃ ሆነው አገኘናቸው፤ ዘይና በስልክ ትስቅ ነበር። ገጽ አሥራ አንድ ላይ ደግሞ ከተሰበሰቡት አርባ ሁለት መጠይቆች አንዱ፣ ተማሪው ጥያቄዎቹን በአግባቡ እንዳልተረዳ ከመልሱ ስለሚታይ፣ ከትንተናው ወጥቷል ይላል። ልደት አንብባ ጨረሰች። ዘይና በስልኩ፣ "የወጣው እኔ ነኝ አይደል?" አለች።

መምህር፣ የበደሉን በመተውዎ አይደለም፤ መምህር ይሄዳል። የጎዳኝ፣ ጥያቄውን የተረዳችው ልጅ እሷ ብቻ ሆና ሳለ፣ ስኬትዎን ከአፏ ወስደው እውነቷን መጣልዎ ነው። አምኜዎት ነበር። እሷንም እመኚው ያልኳት እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ። የዘይና የመልሶ ቅበላ ማመልከቻ ከዛሬ አሥር ቀን በኋላ ይዘጋል፤ ቅጹ ላይ የኮርሱ መምህር አስተያየት የሚጻፍበት አራት መስመር አለ። ሦስት ጊዜ መልእክት ላክንልዎ። ለሦስተኛው የሰጡን መልስ ይህ ነበር፦ "የእህታችሁ ጉዳይ በጣም ያሳዝነኛል፤ ነገር ግን እገዛው በመቋረጡ ወደቀች ብዬ ብጽፍ ከጥናቴ ግኝት ጋር ይጋጫል።" ስለ ግልጽነትዎ ከልብ አመሰግናለሁ። እስካሁን ካነበብኩት ጽሑፍዎ ሁሉ ያለ ማንም እገዛ የገባኝ ይህ ብቻ ነው።

ስለ ስድስቱ ሳምንታት በእውነት፣ ስለ ቀሩት ደግሞ በሠንጠረዥዎ ልክ እያመሰገንኩ፣ ፕሮፌሰርነቱም በቅርቡ እንዲደርስዎ፣ ነገር ግን በሌላ ክፍል እንዲሆን በመጸለይ እሰናበታለሁ።

በጣም የምትስማማው ተማሪዎ
ሳቢራ አብዱልጀባር
ከሚሴ

በድጋሚ፦ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ጥያቄ ብቻ ያለው መጠይቅ አያይዣለሁ። "ዘይና ጥያቄውን ተረድታው ነበር" ይላል፤ ከ"በጣም እስማማለሁ" እስከ "በጣም አልስማማም" አምስት ምርጫ አለው። ለእኛ ይሉኝታ ሳይዝዎ እውነቱን ብቻ እንዲያከብቡልን እንለምናለን። አሥሩ ቀን ከማለቁ በፊት ካልደረሰን፣ ጥያቄውን በአግባቡ እንዳልተረዱት ቆጥረን ከትንተናው እናወጣዎታለን።