ሽታ የሌለው የነቀዝ መድኃኒት

እህል በረንዳ፣ ጥቅምት 1992 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ፉርቃን፣

ጓደኛህ ጠሀ ያለህበትን አልነግርሽም ብሎኛል። ደብዳቤውን ግን ዛሬውኑ አደርስልሻለሁ ብሎ ፊቴ ቆሞ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ለሰላምታ ጊዜ የለኝም። አባባ ሱቅ ውስጥ የወደቁ ዕለት አንተ ጠፋህ። እሳቸው ሆስፒታል ናቸው። እጃቸው ብርጭቆ አይዝም፣ ምላሳቸው ይተሳሰራል፣ ከትናንት ወዲህ ደግሞ ትንፋሽ እያጠራቸው ነው። ሐኪሙ "ምን እንደነካቸው ሳላውቅ ምን ብዬ ልስጣቸው?" ይለኛል። የሚያውቀው አንተ ብቻ ነህ።

ጥፋቱን ሁሉ አንተ ላይ አልከምርም። ሽታውን አጥፋው ያልኩህ እኔ ነኝ። ኬሚስትሪ ተምረህ መጥተህ ከሱቃችን ጀርባ ያቺን ክፍል ስትይዝ፣ የቀመምከው ዱቄት ነቀዙን በአንድ ቀን ድራሹን ሲያጠፋው እልል ያልኩት እኔ ነኝ። ግን እዚህ ገዢ ስንዴ የሚገዛው ቆርጥሞ ነው። ፍሬዋን ጥርሱ ላይ ሰበር ሲያደርጋት መድኃኒት መድኃኒት ካለችው ጥሎን ይሄዳል። "ታዲያ የተማርከው ለመቼ ነው? ሽታውን አታጠፋልንም?" ብዬ ነዘነዝኩህ። አንድ ወር ሙሉ ከክፍልህ አልወጣህም። ስትወጣ ዓይንህ ጎድጉዶ፣ "ጠሂራ፣ እንዲህ ያለ በዓለም ላይ የለም። ስሜ በዚህ ይጠራል" አልከኝ። ሰውስ አይጎዳም ወይ ስልህ "ሲታጠብ ይለቃል፣ አታስቢ" ብለህ ሳቅክ። ወላሂ ያኔ ፈራሁህ። ፈርቼህም ዝም አልኩ።

አባባ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ሥራቸው መቆርጠም ነው። አንድ ጆንያ ሳይቀምሱ አያስገቡም፣ ሳይቀምሱ አይሸጡም። ማን አጥቦ ይሰጣቸዋል? ይህን አንተም እኔም እያወቅን!

ስትጠፋ ክፍልህን ሰብሬ ገባሁና ደብተርህን አገኘሁት። "ቀን 9፦ የአባባ ከንፈር ደነዘዘ። ቀን 16፦ ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ቀን 23፦ ቃል ይጠፋባቸዋል፤ መጠኑ ሳይቀየር ይቀጥል።" የምን ይቀጥል ነው አንተ? የወለደህን ሰው! ምን ምን እንደጨመርክበት የጻፍክበት ገጽ ደግሞ ተቀድዷል። አባታችንን ጥለህ ወረቀቷን ይዘህ ሄድክ።

ዳቦ ጋጋሪዋ እትዬ ወርቅዬ አዲሱን ዱቄት ከነሰነስክበት ስንዴ ሁለት ኩንታል ወስደዋል። ትናንት ተክለ ሃይማኖት ዳቦ ቤታቸው ድረስ ሮጥኩ። "ኧረ ልጄ፣ እሱማ ተፈጭቶ፣ ተጋግሮ፣ ተሸጦ አለቀ። ምነው፣ ደህና አይደለሽም?" አሉኝ። ስነግራቸው ለማን ለማን እንደሸጡ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ዳቦ የያዘ ሰው ባየሁ ቁጥር ከየት እንደገዛው እጠይቃለሁ። የቀረውን ጆንያ ቆልፌበታለሁ። እኔም እኮ በልቻለሁ። ይኸው እየጻፍኩልህ ከንፈሬን ነከስ እያደረግሁ፣ ይሰማኛል አይሰማኝም እላለሁ። ያ ረቢ፣ እንዴት እንደፈራሁ ብታውቅ!

ደብተሩን ለሐኪሙ አሳይቼዋለሁ። አንብቦ ሲጨርስ "ያቺ የተቀደደችው ገጽ ናት የምታስፈልገኝ" አለ። የሱቁን ስልክ ታውቀዋለህ፤ አጠገቡ ተቀምጫለሁ። ና አልልህም። የጨመርካቸውን ነገሮች ስም ብቻ ንገረኝና ዝጋው። ነገ እስከ ዙህር ሶላት፣ እስከ እኩለ ቀን ካልደወልክ ደብተሩን ይዤ ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ። ወንድሜ ነው ብዬ አልመለስም።

ዛሬ ጠዋት አባባ ጋ ነበርኩ። በየጠዋቱ ሱቅ እየመጣህ "አባባ፣ ምላስዎ እንዴት አደረ? እስቲ እጅዎን ይዘርጉልኝ" ትላቸው የነበረውን በዚያ በሚጎተት አንደበታቸው ለነርሷ ያወሩላታል። "የተማረ ልጅ እንዲህ ነው። አንድ ቀን እንኳ ሳይጠይቀኝ ውሎ አያውቅም" ይሏታል። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ልወጣ ስል እጄን ያዙና ለአንተ መልእክት ሰጡኝ። እንዳሉት እጽፈዋለሁ፦

"ለፉርቃን ዛሬም እንዳልተሻለኝ ንገሪው። ሳይጠይቀኝ ሲውል ሐሳብ ይገባዋል።"

እህትህ ጠሂራ