ተዝካርህ ተበልቷል

ለልጄ ለሸዋንግዛው፣ ኢየሩሳሌም

የልደታ ማርያም ጥላ ከለላ ትሁንህ። እንደምን ከርመሃል? እኔ እናትህ፣ አምላክ ይመስገን፣ ደህና ነኝ፤ ተናድጄ ነው እንጂ።

«ማይጨው ላይ ወድቋል» ብለው አረዱኝ። ፀጉሬን ተላጨሁ፤ ያለችኝን አንዲት ላም አሳርጄ በአርባህ የልደታን ካህናት አበላሁ። በዓመቱ፣ ለካ ተርፈህ ተሰደህ ኖሮ፣ ደብዳቤህ መጣ። እልል ብዬ ሳልጨርስ መሪጌታ ሲያነቡልኝ፣ «ድንጋይ መሸከም አንገሸገሸኝ፤ ከዚህስ ያኔ ብሞት ይሻለኝ ነበር» ብለሃል። ሞቱንማ አንድ ጊዜ ሞተህልኛል፤ ተዝካርህም ተበልቷል። ሁለተኛ የማርደው ላም የለኝም።

እኛ የተደላደልን መስሎህ ይሆን? ቤታችን የጣሊያን ወታደር ሰፍሮበታል። እኔና እህትህ የሻረግ፣ ጌጃ ሰፈር ሰው ቤት ተጠግተናል። እሷ ጥጥ ትፈትላለች፤ እኔ ቤቴን የቀሙኝን ሰዎች ሸሚዝ አጥባለሁ። እጄ ቆስሏል። ጉልበቴማ ድሮ አልቋል፤ ጠዋት ጠዋት የሚያስነሳኝ ንዴት ነው። አንተም ከምታለቅስ ተናደድና ድንጋይህን ተሸከም። የሻረግ «እማዬ፣ አታምርሪበት» ትለኛለች። መሪጌታም ቃሌን ሊያለዝቡ ፈልገው ነበር፤ እንዳለ ይጻፉልኝ ብያለሁ።

አምላክ ትከሻህን ያጽናው፤ በሰው አገር የሚያዝንልህ ሰው አያሳጣህ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ፀጉሬ ገና ጆሮዬን መሸፈኑ ነው። ሹሩባ የምሠራው አንተ ስትመጣ ነው ብያለሁ፤ እባክህ ልጄ፣ እንደገና እንዳታስላጨኝ።

እናትህ ቦሰና